ክቡን ቤት በጡብ መሥራት፣ በወረቀት ማስቀረት



በዚህ እትም የሒሳብና የእጅ ሥራ ትምህርታችንን አንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን። ርእሳችን ክብ ቤትን ከመጫወቻ ጡብ እንዴት እንደምንሠራ፣ ከሠራን በኋላም እንዴት አድርገን በወረቀት ላይ እንደምናስቀምጠው ነው። ለትምህርቱ የሚያስፈልጋችሁ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ባለ ካሬ ደብተርና ትዕግሥት ነው። የመጫወቻ ጡብ የሌላችሁ ተማሪዎች አትዘኑ። የጠርሙስ ቆርኪ ሰብስባችሁ፣ መሬት ላይ ካሬ አስምራችሁ፣ በእያንዳንዱ ካሬ አንድ ቆርኪ እያስቀመጣችሁ የግድግዳውን ቅርጽ መሥራት ትችላላችሁ። ሒሳቡ አንድ ነው።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

በካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ በመጋዘኖችና በጭነት መኪናዎች መካከል ባለች አንዲት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ። ከጊዜ በፊት አንድ በጎ ሰው አንድ ጆንያ ሙሉ የተደባለቀ የመጫወቻ ጡብ ሰጠን። ጡቡ ለሁሉም ክፍል መዳረስ ስላለበት አንዱ ክፍል የሠራውን ሌላው ከመምጣቱ በፊት እናፈርሰዋለን።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ጎጆ ሠራች። ልጅቷ የተወለደችው እዚህ ካምፓላ ነው፤ ቤቱን በዓይኗ አይታው አታውቅም። እናቷ ማታ ማታ ከነገሯት ተነሥታ ነው የሠራችው። እናቷ ሊወስዷት ሲመጡ ቤቱን አዩና ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ደጃፉን በጣታቸው ነኩና «እናቴ ጠዋት ቡና የምታፈላው እዚች ጋ ነበር» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለታላቅ ወንድማቸው ሊያሳዩ ይዘዋቸው መጡ። ቤቱ ግን አልነበረም። ዓርብ ዕለት እኔ ራሴ አፍርሼ ጆንያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። «መምህር፣ እንደገና መሥራት አይቻልም?» ብለው ጠየቁኝ። ልጅቷ ሞከረች። ዙሪያው ስንት ጡብ እንደ ነበረ፣ በሩ ምን ያህል እንደ ሰፋ ጠፋባት። እኔም አላስታወስኩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጡብ መፍረሱ ግዴታ ነው፤ ሌላ ልጅ ይጠብቀዋልና። ሳልመዘግብ ማፍረሴ ግን ግዴታ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላችን ግድግዳ ላይ «ሳይመዘገብ አይፈርስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የዛሬው ትምህርትም ከዚህ የመነጨ ነው።

ክብ ምንድን ነው?

በአገራችን ገጠር ጎጆ ሊቀልስ የተነሣ ሰው መሬቱን ደልድሎ መሐሉ ላይ ችካል ይተክላል። በችካሉ ላይ ገመድ ያስርና፣ ጫፉን ከሹል እንጨት ጋር ይዞ ገመዱ ሳይላላ ዙሪያውን ይዞራል። እንጨቱ መሬቱን ጭሮ የሄደበት መስመር ክብ ነው። ግድግዳው በዚያ መስመር ላይ ይቆማል፤ እንጨቱ ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረጋል።

ስለዚህ ክብ ማለት ከአንድ መሐል እኩል የሚርቁ ነጥቦች ሁሉ የሚሠሩት መስመር ነው። የገመዱ ርዝመት ሬዲየስ ይባላል። ከዳር እስከ ዳር በመሐል በኩል ያለው ርቀት ዲያሜትር ነው፤ የሬዲየስ እጥፍ ነው። ዙሪያውን ስንለካ መጠነ ዙሪያ እንለዋለን። መጠነ ዙሪያ ምን ጊዜም ከዲያሜትሩ 3.14 እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ፓይ ይባላል።

ክብ ቤት በአገራችን ብዙ ዓይነት ነው። በላስታ ላሊበላ ከድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች አሉ። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ የሚገኘው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ሲሆን፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተከታትለው ይገኛሉ። በጎንደር የፋሲል ግንብ አራት ማዕዘን ቢሆንም በአራቱም ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ቆሞለታል። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት ክብ ሕንፃ ነው። እዚህ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያላችሁ ደግሞ በየግቢው የቆሙትን ክብ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋኖች ተመልከቱ።

ሰዎች ክብን ለምን ይመርጣሉ? አንዱን ምክንያት በሒሳብ እንየው። ዙሪያው 40 ሜትር የሆነ ግድግዳ አለን እንበል። አራት ማዕዘን ብናደርገው እያንዳንዱ ጎን 10 ሜትር ይሆንና መጠነ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ነው። ያንኑ 40 ሜትር ክብ ብናደርገው ሬዲየሱ 6 ሜትር ከ37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆንና መጠነ ስፋቱ 127 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በእኩል ግድግዳ ሰፋ ያለ ቤት ማለት ነው። ጎጆ ላይ ደግሞ ወራጆቹ ሁሉ ከዙሪያው ተነሥተው አንድ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ውኃውም በሁሉም በኩል እኩል ይወርዳል።

ስለ ጡቡ

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የመጫወቻ ጡብ ሌጎ ይባላል። የሚሠራው ድርጅት የተመሠረተው በዴንማርክ አገር ቢሉንድ በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ የምናውቀው ከላይ ጉጥ፣ ከውስጥ ቧንቧ ያለው ጡብ የባለቤትነት መብት ማመልከቻ የቀረበበት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው። ከአንዱ ጉጥ መሐል እስከሚቀጥለው ጉጥ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ጡብ ቁመት ጉጡን ሳይጨምር 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ምክንያቱም ልኩ ተጽፎ ተጠብቋል። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በእኛ ጆንያ ውስጥ ልካቸው ያልተጠበቀ አስመሳይ ጡቦችም አሉ፤ አይገጥሙምና ለይታችሁ አስቀምጧቸው።

ከገመድ ወደ ጡብ

ችግራችን እነሆ። ገመድ ይዞራል፤ ጡብ ግን ማዕዘን አለው። ታዲያ ማዕዘን ባለው ነገር ክብ እንዴት ይሠራል?

ባለ ካሬ ደብተር ውሰዱ። አንድ ካሬ አንድ ጉጥ ነው ብለን እንስማማ። የወረቀቱን ላይኛ ጎን ሰሜን፣ ቀኝ ጎኑን ምሥራቅ በሉት። መሐል ላይ አንድ ካሬ አጥቁሩ፤ ይህ ችካላችን ነው። ሬዲየሳችን 7 ካሬ ይሁን። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው። አሁን ከመሐሉ ካሬ እየተነሣን ወደ ሰሜን በየደረጃው ስንወጣ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ወደ ምሥራቅ ስንት ካሬ መሄድ እንዳለብን እናሰላለን። ሕጉ ቀላል ነው። የደረጃውን ቁጥር በራሱ አባዙ፤ ከ49 ቀንሱ፤ ከዚያ በራሱ ሲባዛ ለቀሪው በጣም የሚቀርበውን ሙሉ ቁጥር ፈልጉ።

ደረጃ 0፦ 49 ሲቀነስ 0፣ 49። 7 በ7 ነው። መልሱ 7።
ደረጃ 1፦ 49 ሲቀነስ 1፣ 48። ለ49 ይቀርባል። መልሱ 7።
ደረጃ 2፦ 49 ሲቀነስ 4፣ 45። ከ36 ይልቅ ለ49 ይቀርባል። መልሱ 7።
ደረጃ 3፦ 49 ሲቀነስ 9፣ 40። ለ36 ይቀርባል። መልሱ 6።
ደረጃ 4፦ 49 ሲቀነስ 16፣ 33። ለ36 ይቀርባል። መልሱ 6።
ደረጃ 5፦ 49 ሲቀነስ 25፣ 24። ለ25 ይቀርባል። መልሱ 5።

እዚህ ላይ የደረጃው ቁጥርና መልሱ እኩል ስለሆኑ እናቆማለን። በሌላ ሬዲየስ ስትሠሩ መልሱ ከደረጃው ቁጥር ካነሰ ያንን ደረጃ ትታችሁ ከበፊቱ ላይ ታቆማላችሁ።

የቁጥር ዝርዝራችን 7፣ 7፣ 7፣ 6፣ 6፣ 5 ሆነ። ይህ ከመላው ክብ አንድ ስምንተኛው ነው። የቀሩትን ሰባት ክፍሎች እንደገና ማስላት አያስፈልግም። ወደ ምሥራቅ 7፣ ወደ ሰሜን 2 ያለውን ካሬ ካጠቆራችሁ፣ ገልብጣችሁ ወደ ምሥራቅ 2፣ ወደ ሰሜን 7 ያለውንም አጥቁሩ። እንዲሁ በምዕራብና በደቡብ በኩል ድገሙት። መስታወት ፊት እንደ ቆመ ሰው አንዱ ጎን ሌላውን ይመስላል። ስትጨርሱ ከዳር እስከ ዳር 15 ካሬ የሆነ ክብ ታገኛላችሁ። የጠቆሩትን ቁጠሩ፤ 40 ካልሆኑ አንድ ቦታ ስታችኋልና መርምሩ።

ተማሪዎች ሆይ፣ እስቲ አስቡት። ስድስት ቁጥር ብቻ አንድን ክብ ሙሉውን ያዘ። በእጅ መዳፍ ላይ ተጽፎ ድንበር ሊሻገር ይችላል።

ጥግ ለጥግ የሚነካኩ ጡቦች

ሥዕላችሁን በደንብ ብታዩት አንድ ጉድለት አለው። ከ7 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 5 በተቀነሰበት ቦታ ካሬዎቹ የሚነካኩት በጥግ ብቻ ነው። በጥግ ብቻ የሚነካኩ ጡቦች ደግሞ አይያያዙም፤ ግድግዳው ይበታተናል። መፍትሔው በየጥጉ ከውስጥ በኩል አንድ ማያዣ ካሬ መጨመር ነው። አንደኛው ማያዣ ወደ ምሥራቅ 6፣ ወደ ሰሜን 2 ነው። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ 5፣ ወደ ሰሜን 4 ነው። እነዚህም በስምንቱም ክፍል ሲደገሙ 16 ይሆናሉ። 40 ሲደመር 16፣ 56።

አሁን ከአንዱ ካሬ ወደ ሌላው በጎን በኩል እየተሻገራችሁ ዙሪያውን ሳትዘሉ መዞር ትችላላችሁ። 56 ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ ዙሪያውን ሁሉ ባለ ሁለት ጉጥ ጡብ ብቻ መደርደር ይቻላል፤ 28 ጡብ ይፈጃል። ሁለተኛውን ረድፍ ስትሠሩ ግን አንድ ጉጥ ፈቀቅ ብላችሁ ጀምሩ። እያንዳንዱ የላይ ጡብ በታች ያሉትን ሁለት ጡቦች እንደ ድልድይ ይይዛቸዋል። ግንበኛ መገጣጠሚያን በመገጣጠሚያ ላይ የማያሳርፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ልብ በሉ፦ ጡብና ጎጆ ለየቅል ናቸው

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር እንመልከት። ከዳር እስከ ዳር 15 ካሬ የሆነ አራት ማዕዘን ቤት ሥሩና የግድግዳውን ካሬዎች ቁጠሩ። 56 ነው! ከክቡ ጋር እኩል። ውስጡ ግን ከክቡ ይሰፋል።

ቀደም ሲል ክብ ይቆጥባል ብለን አልነበረም? አዎን፣ ግድግዳው የሚታጠፍ ሲሆን። ጡባችን ግን እንደ ደረጃ እየተሰበረ ስለሚዞር፣ ወደ ምሥራቅ የሄደው ሁሉና ወደ ሰሜን የሄደው ሁሉ ተደምሮ ከአራት ማዕዘኑ ጋር እኩል ይሆናል። ሬዲየሱን ብታሳድጉትም የሬዲየሱ 8 እጥፍ ነው፤ እውነተኛው ክብ ግን የሬዲየሱ 6.28 እጥፍ ነው።

እንግዲህ የቤትን ቅርጽ የሚወስነው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ዕቃውም ነው። የሚታጠፍ ማገርና ሣር ላለው ሰው ክብ ቤት ይቀናዋል። ቆርቆሮና ብሎኬት ላለው ሰው ደግሞ አራት ማዕዘን ይቀናዋል፤ ክብ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲቆረጥ ብዙው ይባክናል። በኢንዱስትሪያል ኤሪያ መጋዘኖቹ ሁሉ አራት ማዕዘን የሆኑት፣ በካምፑም ሸራ የተወጠረበት መጠለያ ክብ ያልሆነው ለዚህ ነው። አያቶቻችን ክብ የሠሩት ሌላ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ባላቸው ዕቃ የሚበጀውን አውቀው ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሰንሰለት

ጡብን እንደ ማገር ማጠፍ ለሚፈልግ ሌላ መንገድ አለ። ባለ አራት ጉጥ ቀጭን ጡቦችን ውሰዱ። ስምንቱን ከታች እያራራቃችሁ አስቀምጡ፤ ሌሎቹን ስምንት ከላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱ የላይ ጡብ በጫፍና በጫፍ ጉጡ ሁለት የታች ጡቦችን እንዲይዝ አድርጉ። በአንድ ጉጥ ብቻ የተያዘ ጡብ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል። ቀስ ብላችሁ ሰንሰለቱን አጥፋችሁ ጫፍና ጫፉን ግጠሙት።

ከማጠፊያ እስከ ማጠፊያ 3 ጉጥ፣ ማለትም 24 ሚሊ ሜትር ነው። 16 ጡብ በ24 ሲባዛ 384 ሚሊ ሜትር ዙሪያ ይሆናል። ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ 12 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በትክክል ክብ አይደለም፤ 16 ጎን ያለው ቅርጽ ነው። ዓይን ግን ክብ ነው ይላል። በካምፓላ ኪካያ ኮረብታ ላይ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተውን የባሃይ ቤተ መቅደስ ከሩቅ ያየ ሰው ክብ ይመስለዋል፤ ሲቀርብ ግን ዘጠኝ ጎን አለው። በጥንት ዘመን የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዲስ ፓይን የፈለገው በዚሁ ዘዴ ነበር። ጎኑን እያበዛ እስከ 96 አድርሶ፣ ፓይ ከ3 ከ1/7 እንደሚያንስና ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥ አሳየ።

መስፈርት፣ በርና ጣሪያ

ወደ መጀመሪያው ቤታችን እንመለስ። 15 ጉጥ በ8 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። አያት ቤቱ 12 ክንድ ነበር ቢሉ፣ አንድ ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 6 ሜትር ገደማ ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ለ6 ሜትር ማለት መስፈርቱ 1 ለ50 ነው። አንድ ጉጥ 40 ሴንቲ ሜትርን ይወክላል።

ግድግዳው ወደ 2 ሜትር ከሆነ 4 ረድፍ ይበቃል፤ 4 በ9.6 ሲባዛ 38.4 ሚሊ ሜትር፣ በመስፈርቱ 1 ሜትር ከ92 ነው። በሩን በምሥራቅ በኩል 3 ጉጥ ክፍት እንተው። 1 ሜትር ከ20 ይሆናል፤ ትንሽ ሰፋ ብሏል። አንድ ጉጥ ብቻ ብንተው ግን 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሰው አያሳልፍም። በመዝገቡ ላይ «በሩ ከእውነተኛው ይሰፋል» ብላችሁ ጻፉ። ያልገጠመውን ነገር መደበቅ አያስፈልግም።

እንግዲህ 56 ሲቀነስ 3፣ 53 ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ 26 ባለ ሁለት ጉጥና 1 ባለ አንድ ጉጥ ጡብ ይገባል። ባለ አንዱን በ1ኛውና በ3ኛው ረድፍ ከበሩ በስተሰሜን፣ በ2ኛውና በ4ኛው ረድፍ ከበሩ በስተደቡብ አድርጉት። ያን ጊዜ መገጣጠሚያዎቹ በራሳቸው ይፈራረቃሉ። በጠቅላላው ባለ ሁለት ጉጥ 104፣ ባለ አንድ ጉጥ 4 ይፈጃል።

ጣሪያውን ከካርቶን እንሥራው። ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቁረጡ። ከ360 ዲግሪው ላይ 72 ዲግሪ የሆነ ቁራጭ እንደ ዳቦ ሸርፋችሁ አውጡና የቀረውን 288 ዲግሪ ጫፍና ጫፍ አጣብቁት። የጣሪያው የታች ሬዲየስ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የግድግዳው ሬዲየስ 6 ነበርና 2 ሴንቲ ሜትር ለክፈፍ ይተርፋል። ቁመቱስ? 10 በ10 ሲባዛ 100፣ 8 በ8 ሲባዛ 64፣ ልዩነቱ 36፤ ስለዚህ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ነው።

አመዘጋገብ

ቤቱ ተሠራ። ከመፍረሱ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉትን ጻፉ።

1. የቤቱ ስም፦ የአያቴ ጎጆ።
2. መስፈርት፦ 1 ለ50። አንድ ጉጥ 40 ሴንቲ ሜትር።
3. መሐል፦ ካሬው ውስጥ። ዲያሜትር 15 ጉጥ።
4. የቁጥር ዝርዝር፦ 7፣ 7፣ 7፣ 6፣ 6፣ 5። ማያዣ፦ 6 በ2 እና 5 በ4።
5. ረድፍ፦ 4። የየረድፉ ሥዕል በካሬ ወረቀት።
6. በር፦ ምሥራቅ፣ 3 ጉጥ፣ ከታች እስከ ላይ።
7. የጡብ ብዛት፦ ባለ ሁለት 104፣ ባለ አንድ 4።
8. ጣሪያ፦ ካርቶን፣ 10 ሴንቲ ሜትር፣ 72 ዲግሪ የወጣለት።
9. የነገረን ሰው፣ የሠራው፣ የመዘገበው፣ ቀኑ።

ዘጠነኛውን ተራ ቁጥር አትዝለሉ። ቤቱን የነገረን ሰው ካልተጻፈ ቤቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የመዝገቡ ፈተና

መዝገብ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው የጻፈው ሰው ሲያነበው አይደለም። ቤቱን አይቶት የማያውቅ ሰው አንብቦ ሲሠራው ነው። በክፍላችን አንዱ ቡድን መዝግቦ ያፈርሳል፤ ሌላው ቡድን ወረቀቱን ብቻ ተቀብሎ ይሠራል።

ያች የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ የአያቷን ቤት እንደገና አስነግራ መዘገበች። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ወደ ሦስተኛ አገር ሄደ። ወረቀቱን ትታልን ነበርና ትንንሾቹ ልጆች አንብበው ሠሩት። ዙሪያው ልክ፣ ረድፉ ልክ፤ በሩ ግን በምዕራብ ሆነ። ምን ተፈጠረ ብለን ወረቀቱን ብናየው «በሩ በስተቀኝ ነው» ይላል። በማን ቀኝ? እሷ ከታች ሆና ጽፋለች፤ እነሱ ጠረጴዛውን በወዲያኛው በኩል ከበው ሠርተዋል። ቀኝና ግራ ከሰውዬው ጋር ይዞራሉ፤ ምሥራቅ ግን አይዞርም። ከዚያ ወዲህ በመዝገባችን ላይ ቀኝ፣ ግራ፣ ትልቅ ጡብ፣ ትንሽ ጡብ የሚሉ ቃላት አንጽፍም።

ለምን እንደክማለን?

«ለመጫወቻ ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው?» የሚል ወላጅ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በዚችው ካምፓላ በካሱቢ ኮረብታ ላይ አራት የቡጋንዳ ነገሥታት የተቀበሩበት ሙዚቡ አዛላ ምፓንጋ የተባለ ታላቅ ክብ የሣር ቤት አለ። ዲያሜትሩ 31 ሜትር ያህል ነው። ከውስጥ ጣሪያውን የከበቡት 52 ቀለበቶች የቡጋንዳን 52 ጎሳዎች ያመለክታሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እ.ኤ.አ. በማርች 16 ቀን 2010 ቤቱ ተቃጠለ። አመድ ሆነ ተብሎ ግን አልተተወም። ክዳን የመክደን ሥራ የንጌዬ ጎሳ ሥራ ነው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የቆየ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ቤቱ በዚያው ቦታ ተመልሶ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ወጣ።

እነሱ ልኩን የሚያውቁ ሰዎች አንድ አገር ውስጥ ነበሩላቸው። እኛ ግን ተበትነናል። ልኩን የሚያውቁት አያት አንድ አገር፣ ልጅ ሌላ አገር፣ የልጅ ልጅ ደግሞ እዚህ ነው። ሙያው በአጠገብ ከአባት ወደ ልጅ በማይሻገርበት ቦታ ወረቀት ያሻግረዋል።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ስወጣ ክብን በቀመር አሳምሬ አውቅ ነበር። ያደግሁበትን ክብ ቤት ግን ለክቼው አላውቅም። በሩ በምሥራቅ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል፤ ፀሐይ እግሬ ላይ ታርፍ ነበርና። ስንት ክንድ እንደ ነበረ ግን አላውቅም። አሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም። እናንተ የምትጠይቁት ሰው አላችሁ፤ ዛሬ ማታ ጠይቁ።

መልመጃ

1. ሬዲየሱ 5 ካሬ የሆነ ክብ የቁጥር ዝርዝር ሥሩ።
2. ዲያሜትሩ ስንት ካሬ ነው? ከማያዣዎቹ ጋር ስንት ጉጥ ይፈጃል?
3. በሰንሰለት መንገድ በ24 ባለ አራት ጉጥ ጡብ የሚሠራ ክብ ዙሪያው ስንት ሚሊ ሜትር ነው?
4. እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ፦ ያደጉበት ቤት ስንት ክንድ ነበር? በሩ ወደየት ይመለከት ነበር? ምድጃው የት ነበር? ምሰሶው ስንት ነበር? ከዚያ በዘጠኙ ተራ ቁጥር መሠረት አንድ ገጽ መዝግቡ። ቤቱ አራት ማዕዘን ከነበረም እንደ ነበረው መዝግቡ።
5. ገጹን ለጓደኛችሁ ስጡ። ምንም ሳትነግሩት ይሥራው። የተሳሳተበትን ቦታ በቀይ አስምሩ፤ ስሕተቱ የጓደኛችሁ ሳይሆን የጽሑፋችሁ ነውና አስተካክሉ።

የመልስ ማረጋገጫ፦ 1) 5፣ 5፣ 5፣ 4። 2) ዲያሜትሩ 11፤ 40 ጉጥ። 3) 576 ሚሊ ሜትር።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ለ4ኛው ጥያቄ መልሱ በእናንተ ዘንድ ነው። ልጆቹ ሲጠይቋችሁ «ምን ያደርግልሃል?» አትበሏቸው። ትክክለኛው ልክ ከጠፋችሁ በእርምጃ ንገሯቸው፤ እርምጃውም ከጠፋችሁ ስንት ሰው ይተኛበት እንደ ነበረ ንገሯቸው። ልጆቹ ከዚያ ተነሥተው ያሰሉታል። የሠሩትን ገጽ ወደ ትምህርት ቤቱ ብትልኩልን ቅጂውን አስቀርተን ዋናውን እንመልስላችኋለን።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።